የላብ አደሩ ራስ ፍልጠት

በአማርኛችን ራስ ሲታመም አንድም ይመታል፣ አንድም ይፈልጣል። «ራስ ምታት» ስንል መዶሻ ያነሣ ክንድ በዐይነ ኅሊናችን ይመጣል፤ «ራሴን ፈለጠኝ» ስንል ደግሞ መጥረቢያ የጨበጠ። እንጨት ፈላጭ ግንዱን በቁሙ ለሁለት እንደሚከፍለው ሁሉ፣ ፍልጠትም ብዙውን ጊዜ የራስን አንድ ጎን ለይቶ ይይዛል፤ ዐይን ያስጨፍናል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ጥንታዊው ሐኪም ጋሌን ይህንኑ ሕመም «ሄሚክራኒያ» ብሎታል፤ «ግማሽ ራስ» እንደማለት ነው። ቃሉ በላቲንና በፈረንሳይኛ አፍ እየተሸራረፈ «ሚግሬን» ሆነ፤ እኛም ዘንድ «ማይግሬን» ተብሎ ደረሰ። ግሪኮቹ የሕመሙን ስፍራ አይተው ስም አወጡለት፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ ሕመሙ የሚሠራውን ሥራ አይተው።

እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህ መጥረቢያ ደንበኛ ነኝና ስለ ራስ ምታት የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ሳላነብ አላልፍም። ባነበብኩት መጠን ግን አንድ ነገር እየቆረቆረኝ መጣ። መጻሕፍቱ የሚተርኩት የፈላስፋን፣ የመኳንንትን፣ የደራሲን ራስ ነው። የሸማኔው፣ የድንጋይ ጠራቢው፣ ሌሊቱን በፈረቃ ቆማ የምታድረው የፋብሪካ ሴት ራስ ከታሪኩ ውስጥ የለም። ለመሆኑ እነርሱን አያማቸውም ነበር? ወይስ የጠየቃቸው አልነበረም? (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት፣ አንድ ቦታ ላይ ለይቼ ካመለከትኩት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠየቁት ጥቂቶች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። ራማዚኒ በሞደና ከተማ ሲኖር፣ አንድ ቀን የቤቱን የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርግ ሠራተኛ በጥድፊያ ሲለፋ ተመለከተ። ለምን ረጋ ብሎ እንደማይሠራ ቢጠይቀው፣ ሰውየው በቀሉና በፈዘዙ ዐይኖቹ ቀና ብሎ እያየው፣ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰዓታት መቆየት ምን እንደሚያስከፍል ያልሞከረው ሊያውቀው እንደማይችል፣ ዐይንን ከማጣት የማይተናነስ እንደሆነ ነገረው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ በየሥራ ቦታው መዞር ጀመረ። ከአንጥረኛው ወደ ሸክላ ሠሪው፣ ከአጣቢዋ ወደ ጸሐፊው። በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታዎች የጻፈውን የላቲን መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ትንባሆ የሚፈጩ ሰዎች ከብናኙ የተነሣ ራስ ምታትና ማዞር እንደማይለያቸው መዝግቧል።

ከሂፖክራተስ ጀምሮ ሐኪም ሕመምተኛውን የሚጠይቃቸው የታወቁ ጥያቄዎች ነበሩ። ራማዚኒ በእነዚያ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨመረ፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» የምትል። ከዚህም ሌላ ምክር ሰጥቷል። ሐኪም ወደ ድሃ ቤት ሲገባ እንደቆመ የልብ ትርታ ዳስሶ አይውጣ፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማም ብትሆን ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ይላል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ይህችን በርጩማ ነው።

ይሁንና በርጩማዪቱ ብዙ ዘመን ባዶዋን ቆየች። በአውሮፓ ስለ ራስ ፍልጠት ይጻፍ የነበረው የሚከፈለው ሐኪም ቤታቸው ድረስ ስለሚመጣላቸው ሰዎች ነበር። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ አን ኮንዌይ ከ12 ዓመቷ ጀምሮ እስከ ሞተችበት እስከ 1679 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ሕመም ተሰቃይታለች። የደም ዝውውርን ያስረዳው ዊልያም ሃርቪ አይቷታል። የአንጎል ሊቅ የነበረው ቶማስ ዊሊስም አይቷታል፤ በ1672 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ስሟን ሳይጠቅስ ስለ ሕመሟ ጽፏል። የራስ ቅሏን ለማስበሳት እስከ ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ ነበር። በ1666 ዓ.ም. እጁን በመጫን ይፈውሳል የተባለ ሰው ከአየርላንድ ድረስ አስመጥተውላት እርሱም አልሆነለትም። ስቃይዋ እውነተኛ ነው፤ ማንም አይቀንሰውም። ነገር ግን በዚያው ዘመን የእርሷን ልብስ ታጥብ የነበረችው ሴት ራሷን ቢፈልጣት፣ ሃርቪም ዊሊስም ሊያውቁት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሎዛኑ ሐኪም ሳሙኤል ቲሶ ስለ ሊቃውንትና ስለ ጸሐፍት ጤና አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ዘመኑ 1768 ነው። አብዝቶ የሚያስብ አንጎል ራሱን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት እየተጠናከረ ሄደ። ቀስ በቀስም ፍልጠት የረቀቀ አእምሮ ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ሐሳብ የሳይንስ ካባ ያለበሰው የኒው ዮርኩ ሐኪም ሃሮልድ ዎልፍ ነው። ዎልፍ በራስ ምታት ምርምር የተከበረ ስም ያለው፣ እርሱ ራሱም የሕመሙ ተጠቂ የነበረ ሰው ነው። በ1937 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የማይግሬን ሕመምተኞች ሥርዓት ወዳድ፣ ትጉህና ከፍ ያለ ምኞት ያላቸው ሰዎች እንደሆኑ ገለጸ። ወደ ክሊኒኩ የሚመጡትን አይቶ ነው እንዲህ ያለው። ወደዚያ ክሊኒክ ማን እንደሚመጣና ማን እንደማይመጣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። (ሐኪሙ የሕመምተኞቹን መልክ ሲሥል የራሱን መልክ ስሎ ይሆን? እንዲህ ብዬ መጠርጠሬ አልቀረም።)

ይህን ጥያቄ አንሥቶ ቤት ለቤት የሄደው ዊልያም ዎተርስ የተባለ ተመራማሪ ነው። በክሊኒክ ተቀምጦ ሕመምተኛ ከመጠበቅ ይልቅ ተራውን ሕዝብ መረመረ። በ1971 ዓ.ም. ውጤቱን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ አስተዋዮች ወይም ከፍ ካለው መደብ የመጡ መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር አላገኘም። ያገኘው ልዩነት ሌላ ነበር፤ ሕመሙ ካለባቸው መካከል ሐኪም ዘንድ የመሄድ ዝንባሌ ያላቸው ከፍ ያለው መደብ ሰዎች ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የመቶ ዓመታት «የሊቃውንት በሽታ» ምስጢሩ ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ቁጥር ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ገለበጠው። በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን ባካተተ ጥናት መሠረት ከሴቶች 17.6 በመቶ፣ ከወንዶች 5.7 በመቶ የሚሆኑት ማይግሬን እንዳለባቸው ተገመተ። በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በታች ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ሕመሙ 30 ሺህና ከዚያ በላይ ከሚያገኙት ይልቅ ከ60 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ድህነት ራስን ይፈልጣል ወይስ ራሱን የሚፈልጠው ሰው ሥራ እያጣ ይደኸያል? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

እስካሁን ስለ ቁጥር አወራሁ። ሥራው ራሱ ራስን እንዴት እንደሚመታ ለማየት ግን ወደ ድማሚት ፋብሪካ መግባት ያሻል።

በ1847 ዓ.ም. አስካኒዮ ሶብሬሮ የተባለ የቶሪኖ ኬሚስት ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን ፈሳሽ ሠራ። በምላሱ ጫፍ ጥቂት ቢቀምሰው ኃይለኛ ራስ ምታት እንደያዘው ጽፏል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1867 ዓ.ም.፣ አልፍሬድ ኖቤል ይኸንኑ አደገኛ ፈሳሽ ከአፈር ጋር አዋሕዶ ድማሚትን ፈለሰፈ። በስኮትላንድ አርዲር በሚባል የባሕር ዳር ስፍራ የተተከለውን ጨምሮ በየአገሩ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ሠራተኞቹ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ። ጉዳዩ ታዲያ ፈሳሹ በመዳፍ ቆዳና በትንፋሽ ወደ ደም የሚገባ መሆኑ ነው። አዲስ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን ይዞ ያቃስታል። ሦስት አራት ቀን ሲያልፍ ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ሕመሙም ይተወዋል። ይሁን እንጂ እሑድ ዐርፎ ሰኞ ሲመለስ ልማዱ ጠፍቶ ይጠብቀዋል፤ ፍልጠቱም እንደ አዲስ ይጀምራል። በየሳምንቱ ሰኞ እንዲህ ነበር።

ሠራተኞቹ ለዚህ ያገኙት መላ ምን ነበር ብትሉ፣ በዕረፍት ቀናቸው ጥቂት ናይትሮግሊሰሪን በባርኔጣቸው ዙሪያ ባለው ጥብጣብ ውስጥ ቀብተው መዋል። ሰውነታቸው እንዳይረሳ ነው። ሰኞን ለመሻገር እሑድንም በፋብሪካው መርዝ ውስጥ ያሳልፉታል። የዕረፍት ቀንን ለሥራው ሹመኛ ያስረከበ ከዚህ የበለጠ ታሪክ አላነበብኩም። ኋላ ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች እንዳስተዋሉት፣ ለብዙ ዓመት የለመዱት ሠራተኞች ከፋብሪካው በሚርቁባቸው ቀናት ደረታቸውን የሚወጋቸው፣ አልፎ ተርፎም በድንገት የሚሞቱ ነበሩ። የደም ሥሮቻቸው ያለ እርሱ መኖር ተስኗቸው ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1879 ዓ.ም. ዊልያም መሬል የተባለ የለንደን ሐኪም ፈሳሹን በራሱ ላይ ሞክሮ፣ ራሱ እየደለቀበት፣ ለልብ ሕመም መድኃኒትነቱን አሳወቀ። ኖቤል ራሱ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመት፣ በ1896 ዓ.ም.፣ ሐኪሞቹ ለልቡ ይኸንኑ ናይትሮግሊሰሪን አዘዙለት፤ የዕጣ ፈንታን ቀልድ እያነሣም ለረዳቱ ጻፈ። በ1998 ዓ.ም. የኖቤል የሕክምና ሽልማት የተሰጠው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በደም ሥር ውስጥ መልእክተኛ መሆኑን ላረጋገጡ ሦስት ሊቃውንት ነው፤ ናይትሮግሊሰሪን በሰውነት ውስጥ የሚለቀውም ይህንኑ ነው። የኮፐንሃገኑ የስ ኦሌሰን ደግሞ ናይትሮግሊሰሪንን በደም ሥር እየሰጡ በምርምር ክፍል ውስጥ ማይግሬንን መቀስቀስ እንደሚቻል አሳየ። በዚህ መንገድ የተጀመረው ፍለጋ ዛሬ ለማይግሬን ተብለው የተሠሩትን አዳዲስ መድኃኒቶች ለማግኘት ከረዱት አንዱ ሆነ፤ ኦሌሰንም ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በ2021 ዓ.ም. የአንጎል ምርምር ሽልማት ተቀበለ። የድማሚት ሠራተኞቹ ይህን ሙከራ በየሰኞው በገዛ ራሳቸው ላይ ሲያካሂዱት ኖረዋል። ስማቸው ግን በየትኛውም ሽልማት ላይ የለም።

ራስ ምታት ያለበት ሰው ከማሽኑ እንዳይለይ የተደረገው ጥረት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በደቡባዊቷ አሜሪካ፣ በካሮላይና የጥጥ ፋብሪካዎች መካከል፣ በዳርሃም ከተማ በ1906 ዓ.ም. «ቢሲ» የተባለ የራስ ምታት ዱቄት ወጣ። በወረቀት የተጠቀለለች፣ በምላስ ላይ ተነስንሳ በውኃ ወይም በለስላሳ የምትወሰድ ነበረች። ዱቄት የተመረጠችው ከእንክብል ይልቅ ቶሎ ትሠራለች ተብላ ነው። በየፋብሪካው ውስጥ የሚዞር ጋሪ ነበር፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና ይህን የመሰለ ዱቄት እየሸጠ በማሽኖቹ መካከል ያልፋል። ሠራተኛዋ ከቦታዋ መነሣት አያስፈልጋትም።

በስዊድን የሆነው ግን ከዚህ ይከፋል። ሁስክቫርና በጦር መሣሪያ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። በ1918 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲያጠፋ፣ ዮርቶን የተባለ የከተማዋ ሐኪም ለሕመምተኞቹ አንድ ዱቄት ያዝዝ ጀመር። ውስጡ ፌናሴቲን፣ ፌናዞንና ካፌይን ነበረበት። ወረርሽኙ አለፈ፤ ዱቄቱ ግን በፋብሪካው ውስጥ ቀረ። ሠራተኛው ራሱን ሲያመው ይወስዳል፤ ሳያመውም ሥራዬን ያፋጥንልኛል ብሎ ይወስዳል። ጠዋት ከሥራ በፊት እንደ ቡና ይጠጡታል፤ ለልደት በስጦታ መልክ አሽገው እስከ መሰጣጠት ደረሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ምንም ክፉ ነገር አልጠረጠረም፤ የሐኪም ትእዛዝ ነበረና።

ከዓመታት በኋላ የከተማዋ ሰዎች በኩላሊት ድካም መሞት አበዙ። ኩርት ግሪምሉንድ የተባለ ሐኪም ነገሩን ከፋብሪካው ሠራተኞች መካከል ተከታትሎ በ1963 ዓ.ም. አሳተመ፤ ኩላሊታቸው የተበላሸው ለብዙ ዓመታት ዱቄቱን አብዝተው የወሰዱት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ስዊድን ፌናሴቲንን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። አሜሪካ ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ከገበያ አወጣችው። (ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የምንገዛው ፓራሲታሞል ሰውነት ፌናሴቲንን ሲፈጭ የሚያወጣው ነገር ነው፤ ልጁ ከአባቱ የተሻለ ጠባይ አለው።)

በዚህ ታሪክ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ ካፌይኑ ነው። እኛ የቡና አገር ሰዎች ይህን ለማስረዳት ሳይንስ አያስፈልገንም፤ የጠዋት ቡና የቀረበት ሰው ከቀትር በኋላ ራሱን ሲይዝ ያላየ ማን አለ? ዱቄቱን ዘወትር የሚወስድ ሠራተኛ አንድ ቀን ቢተወው ራሱን ይፈልጠዋል፤ ሲፈልጠው ዱቄቱን ይወስዳል፤ ይሻለዋል። መድኃኒቱ ለራሱ ሕመምተኛ ያፈራል። ዛሬ ሐኪሞች «በመድኃኒት ብዛት የሚመጣ ራስ ምታት» ይሉታል፤ ተራ ማስታገሻ በወር ለ15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ የተቀላቀለውን ዐይነት ደግሞ ለ10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው ለዚህ ይጋለጣል።

ወደ አገራችን ልመለስ። በእኛ ዘንድ የሥራና የራስ ምታት ዝምድና ከፋብሪካ በፊት የታወቀ ነበር። «ምች መታው» የሚባለው ማንን ነው? ቀትር ላይ በእርሻ ወይም በአውድማ ሲለፋ ፀሐይ ያገኘውን ነው። ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል፣ ጭማቂውም በቡና ይሰጠዋል። ለባሰበት ወጌሻ በቀንድ ዋግምት ይሰበስብለታል። በዝግ ቤት ከሰል አያይዛ ስትሠራ የዋለች ሴት ራሷን ሲያዞራትና ሲያማት ጭሱ መታኝ ትላለች፤ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ በደሟ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እንደያዘ ሳታውቅ በትክክል ትናገራለች። እንግዲህ የእኛ ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን የራማዚኒን ጥያቄ በሕመሞቹ ስም ውስጥ ከጥንትም አስቀምጦታል።

የተቆጠረው ግን ዘግይቶ ነው። የአገራችን የነርቭ ሕክምና ቀደምት ከሆኑት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በመስቃንና ማረቆ ገጠር ቤት ለቤት ሄደው ከ20 ዓመት በላይ የሆናቸውን 15 ሺህ 500 ያህል ሰዎች መረመሩ። በ1995 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን የነበረባቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሴቶች 4.2፣ ከወንዶች 1.7 በመቶ። ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. እርሳቸው የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ወጣ፤ ይህኛው በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ነው። ከሠራተኞቹ 16.4 በመቶ የሚሆኑት ራስ ምታት፣ ከእነዚህም ውስጥ ከጠቅላላው ሠራተኛ 6.2 በመቶ የሚሆኑት ማይግሬን፣ 9.8 በመቶ የሚሆኑት በጭንቀትና በጡንቻ መወጠር ዐይነት የሚመጣው እንዳለባቸው ታወቀ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በከተማም በገጠርም በተደረገው ሰፊ ቆጠራ ማይግሬኑ 17.7 በመቶ ሆነ፤ በዓመቱ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው በጠቅላላው 44.9 በመቶ።

ከ3 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 17! በሃያ ዓመት ውስጥ የአገሩ ሰው ራስ እንዲህ ተሰነጠቀ ማለት ነው? አይመስለኝም። ቦታውም፣ የተጠየቁትም ሰዎች፣ አጠያየቁም የተለያየ ነበር። የመጀመሪያው ጥናት የሚጥል በሽታን ጨምሮ ብዙ የነርቭ ሕመሞችን በአንድ ዙር የሚፈልግ ነበር፤ የመጨረሻው ስለ ራስ ምታት ብቻ ሊጠይቅ የሄደ። ስለ አንድ ነገር ብቻ ሊጠይቅህ የመጣ ሰው ሌላ መልስ ይዞ ይመለሳል።

ይህን በዐይኔ አይቼዋለሁ። በሰፈራችን ሃያ ምናምን ዓመት በፈትል ክፍል የሠሩ አንዲት ጡረተኛ እናት አሉ። የአቃቂውን ጥናት ካነበብኩ በኋላ ቡና ላይ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ፋብሪካ እያሉ ያምዎት ነበር?»

«ኧረ ልጄ፣ ተመስገን፤ ጤነኛ ነበርኩ።»

ሁለተኛውን እየቀዱ ሳለ ቆይተው፣ «የሌሊት ፈረቃ ስገባ ብቻ ራሴን ለሁለት ይፈልጠኝ ነበር» አሉ። «መብራቱን ማየት ያቅተኛል፤ አንዳንዴም ያስመልሰኛል።»

«ታዲያ አሁን አላመመኝም አላሉኝም?»

«እሱማ ራስ ነው። ራስ ምታት ምን በሽታ አለው?»

ምን ያደርጉ እንደነበር ነገሩኝ። ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ አጥብቀው ያስራሉ፤ ከጓደኛ አንዲት እንክብል ይለምናሉ፤ ማሽኑ የበጠሰውን ክር እየቀጠሉ ንጋትን ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን በዚህ ምክንያት ከሥራ አልቀሩም።

አለመቅረታቸው በሌላም አገር የተመዘገበ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ የሠራተኞች ጥናት ሰዎች በተለመዱ ሕመሞች ምክንያት የሚያጡትን የሥራ ጊዜ ቆጥሮ ነበር። ከሕመሞቹ ሁሉ ብዙ ሰው ይዞ የተገኘው ራስ ምታት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሠራተኛው 5.4 በመቶው በእርሱ ምክንያት የሥራ ጊዜ አጥቷል። ሕመሞቹ በአንድ ላይ ካባከኑት ጊዜ 76.6 በመቶ የሚሆነው ታዲያ ሠራተኛው ቤቱ ሳይቀር፣ በሥራ ገበታው ላይ ሆኖ ግን እንደ ወትሮው መሥራት ሲያቅተው የጠፋ ነው። የቀሪዎችን መዝገብ የሚያገላብጥ አሠሪ ይህን ሊያየው አይችልም። ሠራተኛው ተገኝቷል፤ ፊርማው አለ።

ከአቃቂው ጥናት ውስጥ እኔን ከቁጥሮቹ ይልቅ የያዘኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከሕመምተኞቹ መካከል ሕመሙን አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት ወስዶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም። እነዚህ መድኃኒቶች አዲስ ወይም ውድ ስለሆኑ አይደለም። ፕሮፕራኖሎልም አሚትሪፕቲሊንም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያሉ፣ ዋጋቸውም ዝቅተኛ የሆኑ ናቸው። ነገር ግን እነርሱን ለማግኘት በቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ራሴን ያመኛል ማለት፣ ሐኪሙም ስንት ቀን እንደሚያምና መቼ እንደሚያም መጠየቅ ይኖርበታል።

በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ፈቃድ ደንግጓል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ከግማሹ ጋር፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። መልካም ሕግ ነው፤ የሚለካው ግን በወራት ነው። ማይግሬን ያልታከመ እንደሆነ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በፈትል ክፍል የጀመረ ፍልጠት የክሊኒኩ በር ሲከፈት እየበረደ፣ ሠራተኛዋም እንቅልፍ እየጣላት ይሆናል።

እማማን ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኋቸው ይህንኑ ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ የሕመም ፈቃድ ጠይቀው እንደሆነ።

«ለራስ ምታት?» አሉና ሳቁ፤ ሦስተኛውንም ቀዱልኝ።